የነገረኛው ወንበር

በእኛ ቤተ ሙከራ አንድ ክንዱ የተገነጠለ ወንበር አለ። ከስብሰባ ክፍሉ መስኮት ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ስሙም የነገረኛው ወንበር ይባላል። ከመካከላችን አንዱ ሥራ ፍለጋ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ፊት ጥናቱን ሊያቀርብ ሲል፣ አስቀድሞ እዚህ ይለማመዳል። ያን ቀን በወንበሩ የተቀመጠ ሰው ምሕረት አያውቅም፤ ተናጋሪው በጣም የሚፈራውን ጥያቄ ፈልጎ ይጠይቀዋል። ሕጉን ያወጡት ፕሮፌሰራችን ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ከዚያ ወንበር ለተጠየቀ ነገር እውነቱን መመለስ ግድ ነው። በሩ ሲከፈት ደግሞ የተባለው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ቂምም ይሁን ምስጋና ይዞ መውጣት ነውር ነው።

አዘውትሬ እዚያ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ቅጽል ስሜም ከዚያ መጣ፤ ነገረኛዋ ይሉኛል። እኔ ዶክትሬቴን ይዤ፣ ባሕር ማዶ የምርምር ዓመታቴን ጨርሼ የተመለስኩ ሰው ነኝና ወጣቶቹ እትዬ ብለው ያከብሩኛል፤ ዞር ስል ግን ነገረኛዋ ነኝ። ግድ የለም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለት ሰዎች ነው። የአንዷ ጠረጴዛ በግራዬ ነበር፣ የአንዱ በቀኜ። በሰው ፍቅር መሀል መቀመጥ ትራፊክ ፖሊስ መሆን ነው። መኪናው ሁሉ በፊትሽ ያልፋል፤ አንዱም ያንቺ አይደለም።

በግራዬ ያለችው ጎሚስታዋ ነበረች። አባቷ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ጎማ ይለጥፋሉ። ልጅቷ እንደመጣች ሰሞን የውሃ ፓምፓችን አየር እያስገባ አስቸገረ፤ እሷ ከአባቷ ዘንድ ያረጀ የጎማ ከመነዳሪ ቆርጣ አምጥታ አፉ ላይ አሰረችው፤ ቀጥ አለ። ስሟ እዚያው ወጣላት። የምትሠራው ጨውንና መርዝን ከውሃ የሚለይ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የቀጠነ ማጣሪያ ነው። «አባት ቀዳዳ ይደፍናል፤ ልጅ ቀዳዳ ትበሳለች» እያሉ ጋሼ ይስቁባታል። እሷም ትስቃለች።

በቀኜ ያለው ልዑሉ ነው። የመጀመሪያ ቀን ቦርሳውን ሾፌር ተሸክሞለት ስለገባ ነው ልዑሉ የተባለው። እናቱ ሕንፃ ተቋራጭ ናቸው፤ የሠሩት ፎቅ ከመስኮታችን ይታያል። እሱ የእሷን ማጣሪያ በኮምፒውተር የሚያሰላ መሐንዲስ ነው። እሷ ትሠራለች፣ እሱ ለምን እንደሠራ ያሰላል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ተዋደዱ። አልተነጋገሩም እንጂ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቤቱ አንድ ሲኒ አጥቦ የማያውቅ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የእሷን የመስታወት ቱቦ ያጥባል። ቀና ሲል ታቀረቅራለች፤ ቀና ስትል ያቀረቅራል። እኔ መሀል ላይ አንገቴን አመመኝ።

ሁለቱም በአንድ ሰሞን ዶክተር ተባሉ። ከዚያማ መከራው ጀመረ። በእኛ ሙያ ዶክተር መባል የመጨረሻው ደረጃ የሚመስለው ለቤተሰብ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በሰው ቤተ ሙከራ ገብቶ፣ በሰው ገንዘብ፣ ለተወሰነ ዘመን መመራመር አለ። ድኅረ ዶክትሬት ይሉታል። እሱን ያላለፈ ሰው የራሱን ቤተ ሙከራ አያገኝም። ጎሚስታዋ አንድ ቀን ይህን ለአባቷ ስታስረዳ አብሬያት ነበርኩ። ጎማ ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋ ይፈልጋሉ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «ዶክተር ሆንሽ አላልሽኝም?»

«ሆንኩ፣ አባባ።»

«ታዲያ ከዶክተር በኋላ ምን አለ?»

«ሌላ ሥራ አለ። እሱን ካለፍኩ የራሴ ቦታ አገኛለሁ።»

«እንግዲያው ጨረስኩ ያልሽኝ ውሸት ነው» አሉና አረፋውን አገኙት። «ይሁን። እኔም አንዱን ስደፍን ሌላው ይተነፍሳል። ሂጂ ፈልጊ።»

ፈለገች። ማስታወቂያ ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ ትልካለች። አብዛኛው መልስም አይሰጥ። «ጥናትሽ ደስ ብሎናል፣ ቦታ ግን የለንም» የሚሉት ጨዋዎቹ ናቸው። አንድ ቀን ግን ከባሕር ማዶ አንዲት ፕሮፌሰር መለሰችላት። በማጣሪያ ሥራ የታወቀች ሴት ናት። አንድ ቦታ ለሁለት ዓመት ከፍታለች። በስክሪን አነጋገረቻት፣ ወደደቻት፣ በቡድኗ ሁሉ ፊት ጥናቷን እንድታቀርብ ቀን ቆረጠችላት። ጎሚስታዋ ያን ቀን ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ሁለት እጇን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ ቀረች። ልዑሉ ከወዲያ ማዶ አያት። ደስ ብሎታል፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። ከደስታው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ፍርሃት ነው፤ እኔን ነገረኛዋን አይስተኝም።

ከዚያ በኋላ ነው እናቱ የመጡት። ሽቷቸው ቀድሟቸው ገባ። ልዑሉ አልነበረም። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም።

«አንቺ ነሽ አይደል?» አሉ ወደ ጎሚስታዋ ዞረው። «አባትሽ ጎማ ይሠራሉ አሉ።»

«ይለጥፋሉ፣ እማማ። መኪናዎ ካስቸገረዎት ብቅ ይበሉ። ቅናሽ አያጡም።»

እኔ ሳቄ አምልጦኝ ሳል አስመሰልኩት። እርሳቸውም፣ እውነቱን ልናገር፣ ከንፈራቸው ፈገግ ሊል ቃጣው። ከዚያ ግን ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

«ድህነትን የምንቅ እንዳይመስልሽ። ከየት እንደመጣሁ አውቃለሁ። እኔ የምፈራው መንገድን ነው። የዚህ ልጅ አባት ሁለት ዓመት ተምሬ ልመለስ ብሎ ነው የሄደው። ልጁ አባቱን በፎቶ ነው የሚያውቀው። አንቺም ሁለት ዓመት እያልሽ ነው አሉኝ። ልጄን እንደ እኔ ደጅ ደጁን ሲያይ አታስቀሪብኝ።»

ሴትዮዋ ሲወጡ ጎሚስታዋ እስከ ደረጃው ሸኘቻቸው፤ ተመልሳ ስትቀመጥ ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር። ለልዑሉ ምንም አልነገረችውም። እናቱ ግን ቤታቸው ያንኑ ሳይደግሙለት አልቀሩም።

ከዚያ ልዑሉ ያደረገውን ከእኛ ሙያ ሰዎች በቀር ማንም አያደርገውም። ሌላ ወንድ ቢሆን አበባ ይገዛል፣ ሽማግሌ ይልካል። ልዑሉ ባሕር ማዶ ላለችው ፕሮፌሰር ጻፈ። ገና ቃል ሳይለዋወጡ እጮኛዋ ነኝ አለ፤ እኔም ተመራማሪ ነኝ፣ ለእኔም ሁለተኛ ቦታ ቢገኝ ሁለታችንም በሙሉ ልብ እንመጣለን አለ። ለማገዝ ነው፤ እምላለሁ፣ ክፋት የለበትም። ግን ለጎሚስታዋ አልነገራትም። ቦታው ከተገኘ በኋላ ድንገት ሊያስደስታት ነበር።

መልሱ የመጣው ለእሷ ነው። አንብባ ስትጨርስ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። «ከእጮኛሽ መልእክት ደርሶኛል። ለሁለታችሁ ቦታ ካልተገኘ መምጣትሽ እንደሚያጠራጥር ተረድቻለሁ። ያለኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሐሳብሽን እስክታሳውቂኝ ጥናትሽን የምታቀርቢበትን ቀን ለሌላ አመልካች ሰጥቻለሁ» ይላል።

ልዑሉ ሻይ ይዞ ገባ። ለሦስታችንም ነው ያመጣው። አንዱን ጠረጴዛዋ ላይ ሊያኖር ጎንበስ ሲል ስክሪኑን አየ፤ ሻዩ እጁ ላይ ፈሰሰ።

«ማን ጻፍልኝ አለህ?» አለችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ለእኛ ብዬ ነው።»

«እኛ የሚባል ሰው ማመልከቻ አላስገባም። ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«አብረን እንድንሄድ ብዬ እኮ ነው! ልከተልሽ ብዬ! ምን ክፋት አለው?»

«ጠይቀኸኝ ነበር?»

ሻይ የፈሰሰበትን እጁን በሸሚዙ ጠረገ።

«እዚህ ቤት የጎማ ለጣፊ ልጅ ስባል ኖሬያለሁ፤ አልከፋኝም፣ ነኝና። እዚያ ግን ማንም ማን እንደሆንኩ አያውቅም ነበር። ሥራዬን ብቻ ነበር የሚያውቁት። አንተ በአንድ ቀን የሰው ጓዝ አደረግከኝ።» ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ። «እናትህ ጥሏቸው ስለሄደው ሰው ነገሩኝ። አዝኛለሁ። ግን እኔ አባትህ አይደለሁም።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ገብታ አጥንቱን ነካችው። ሻዩን አስቀምጦ ወጣ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ሳይል አልቀረም በልቡ። እኔማ ምን አገባኝ ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ፤ ግን አንድ መስመር እንኳ ማንበብ አልቻልኩም።

ያን ዕለት መልስ ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩ። ረጅም ጻፈች፣ አጠፋችው፤ በመጨረሻ ይህቺ ብቻ ቀረች፦ «መልእክቱ የተላከው እኔ ሳላውቅ ነው። ማመልከቻው የእኔ ብቻ ነው። ሌላ ቀን ካለ ዝግጁ ነኝ።» ሴትዮዋ ሌላ ቀን ሰጠቻት፤ ከሥር ግን «ስለዚህ ጉዳይ በዕለቱ ልንጠይቅሽ እንችላለን» ብላ ጨመረች።

ከዚያ ወዲያ ቢሯችን የለቅሶ ቤት ሆነ። ልዑሉ በጠዋት ገብቶ ጆሮ ማዳመጫውን ይሰካል፤ እሷ ወደ ፓምፗ ትወርዳለች። ቅዳሜ ቱቦዋን ራሷ ታጥባለች። አንድ ቅዳሜ እሱ ደረጃው ላይ ቆሞ የውሃውን ድምፅ ሲሰማ አየሁት፤ ሳይወርድ ተመለሰ። አሳዘነኝ። እሷም አሳዘነችኝ። ሁለቱንም በጥፊ ማለት አምሮኝ ነበር።

የልምምዷ ቀን ደረሰ። ጋሼ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ የቀረነው ግራና ቀኝ። እኔ ወረቀቴን ይዤ ወደ ወንበሬ ሳመራ ልዑሉ ከበሩ ገባ። አልተጠራም።

«እትዬ፣ ዛሬ እኔ ልቀመጥ» አለኝ።

ጋሼን አየሁ። ጋሼ እሷን አዩ።

«ወንበሩ የማንም አይደለም» አለች፣ ሳታየው። «ይቀመጥ።»

ጥናቷን አቀረበች። ጥሩ አቀረበች፤ ድምፅዋ ብቻ ትንሽ ደረቅ ይል ነበር። ስትጨርስ ልዑሉ ቀና አለ።

«ማጣሪያው ጨው ውሃ ውስጥ ሲቆይ ያብጣል። ይህን ዘለልሽው። ለምን?»

የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ስሌቱን የሠራው እሱ ነዋ። እሷ ቀላች።

«ምክንያቱን ስለማላውቀው።»

«አላውቅም ማለት ትፈሪያለሽ?»

«... አዎ። እፈራለሁ።»

«እኔ ቀጣሪሽ ብሆን የዘለልሽውን ሳገኝ ነው የማላምንሽ። አላውቅም፣ እናንተ ዘንድ የምመጣው እሱን ለማወቅ ነው ብትይኝ ግን ዛሬውኑ እወስድሻለሁ።»

ጋሼ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። እኔ በዚያ ወንበር ያን ሁሉ ጊዜ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። ጎሚስታዋ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፤ ከዚያ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው።

«ሌላ?» አለች።

ልዑሉ ወደ ፊት ጠጋ አለ። «ስለ አንቺ አንድ ሰው ጽፎልን ነበር።»

«ሳይጠይቀኝ ነው የጻፈው።»

«ምንሽ ነው?»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ልጅቷ በልቧ የያዘችውን ለእኔ እንኳ ተንፍሳ አታውቅም። ግን ሕግ ሕግ ነው፤ ከዚያ ወንበር ለመጣ ጥያቄ እውነቱ ይመለሳል።

«የምወደው ሰው ነው» አለች።

ልዑሉ ቀጠለ፤ እኔ ብሆን አልቀጥልም ነበር።

«ከእሱ ተለይተሽ መሥራት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ። ይከብደኛል፤ አለቅስም ይሆናል። አልቅሼ ግን ፓምፔን አስነሳለሁ።»

«ተይና ነይ ብሎ ቢለምንሽስ?»

«አይለምነኝም።»

«በምን አወቅሽ?»

«አሁን የት እንደተቀመጠ እያየሁት ነዋ።»

ልዑሉ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ትከሻው ብቻ ይታየን ነበር። ጋሼ «በሩን ክፈቱ» አሉ። ከፈትኩት። ሕግ ነውና ልዑሉ አጠገቧ አለፈ፣ አላናገራትም። እሷም ዕቃዋን ሰበሰበች፣ አላናገረችውም። የምወደው ሰው ነው ብላ በአፏ የተናገረችውን ይዞ ሊወጣ አይችልም። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ወደ በሩ ሲመለከት፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ሕግ ስጠብቅ የኖርኩ ሴትዮ፣ ሕጉን ረገምኩት።

ከባሕር ማዶዎቹ ፊት ስትቀርብ ስለ እብጠቱም ስለ ሰውዬው መልእክትም ጠየቋት። ለመጀመሪያው አላውቅም፣ ላውቀው ነው የምመጣው አለች። ለሁለተኛው ዓይኗን ሳታሽ መለሰች። ቦታውን ሰጧት። አባቷ ሲሰሙ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ጠርገው፣ «እንግዲህ ይኼኛው የመጨረሻው ነው?» አሉ። አይደለም፣ አባባ፣ አለቻቸው። ሳቁና አቀፏት፤ ነጭ ሸሚዟ ላይ ጥቁር የመዳፍ ምልክት ቀረ። ሳትቀይረው ዋለች።

ልዑሉ በዚያ ሰሞን ለእናቱ፣ በስሜ ያዘጋጀሽልኝ ቢሮ ይቆይ አላቸው። እሱም ማመልከት ጀመረ። ጎሚስታዋ አላገዘችውም፤ እሱም አግዢኝ አላላትም። በሕይወቱ እንቢ ተብሎ የማያውቅ ልጅ እናዝናለን፣ እናዝናለን እየተባለ ሰነበተ። መጀመሪያ ላይ ፊቱ ይገረጣ ነበር፤ በኋላ ግን እየሳቀ ያነብልኝ ጀመር። ዘግይቶ አንድ ቤተ ሙከራ ጥናትህን አቅርብ አለው። ከእሷ ቦታ የግማሽ ቀን የባቡር መንገድ ይርቃል። የሱ ልምምድ እሷ ልትሄድ ሻንጣዋን በምታስርበት ሳምንት ላይ ዋለ።

ወረቀቴን ይዤ ስገባ ወንበሩ ተይዟል። ጎሚስታዋ እግሯን አጣምራ ተቀምጣለች። ልዑሉ አያትና ጀመረ፤ ስለዚያው ማጣሪያ እብጠት ነበር፣ ስሌቱን አሻሽሎታል። ሲጨርስ እሷ አልቸኮለችም።

«ከእኛ አካባቢ የምታውቀው ሰው አለ?»

«አለ።»

«እሱን ብለህ ነው የምትመጣው?»

«ማስታወቂያውን የፈለግኩት እሷን ብዬ ነው። ያመለከትኩት ግን ሥራው ስላጓጓኝ ነው። እሷ እዚያ ባትኖርም እመጣለሁ።»

የመጨረሻዋ ቃል ቆነጠጠቻት፤ አየሁ። ደስ እንዳላትም አየሁ።

«ታዲያ ለሁለት ሰው ነው የምታመለክተው?»

«አይደለም» አለ። «ማመልከቻው የእኔ ብቻ ነው።»

ያቺን ቃል ስትጽፍ ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ። እሱ አላነበባትም። ጎሚስታዋ ዞር ብላ እኔን አየችኝ፣ ነግረሽዋል ወይ በሚል ዓይን። አልነገርኩትም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ባይቀበሉህስ?» አለች፤ ድምፅዋ ዝግ ብሏል።

«ሌላ ቦታ አመለክታለሁ።»

«እሷንስ? ትጠብቃታለህ?»

ልዑሉ አሰበ። «አልጠብቃትም። እናቴ ጠብቃለች፤ መጠበቅ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። እኔ ሥራዬን እየሠራሁ ነው ልወዳት የምፈልገው። እሷም እንደዚያ እንድትወደኝ።»

በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥያቄ ያለቀበት ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ጋሼ «በሩን ክፈቱ» አሉ። ተነሣሁ።

«ቆይ፣ እትዬ» አለች ጎሚስታዋ። «ጋሼ፣ ይዤ ልውጣ?»

«ምኑን?»

«ሁለት ነገር። አንዱ እሱ አሁን የመለሰው ነው። ሌላው እኔ ያን ጊዜ የመለስኩት።»

ጋሼ መነጽራቸውን ጠረጉ። ሕጉን ካወጡ ጀምሮ ማንም እንዲህ ጠይቋቸው አያውቅም።

«ያንቺን ውሰጂ» አሉ። «የእሱን እሱን ጠይቂው።»

ወደ ልዑሉ ዞረች። «ልውሰደው?»

«ስለጠየቅሽኝ» አለ፤ ዓይኖቹ ሞልተው። «ውሰጂው።»

በሩን ከፈትኩላቸው። እጅ ለእጅ ተያይዘው በአጠገቤ አለፉ። ደስ አለኝ። ቀናሁም፤ ለምን እዋሻለሁ።